አንድ ፕሮግራም ይበቃል፦ በጎጃም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ሥራ ለመጀመርና ለማዝለቅ

የብዙ ትምህርት ቤቶቻችንን ርእሰ መምህር ቢሮ ገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። የክበባት ዝርዝር ተለጥፏል። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ የልጃገረዶች ክበብ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ሥነ ጽሑፍ። ለእያንዳንዱ ተጠሪ መምህር አለው፣ ለእያንዳንዱ ዓመታዊ እቅድ አለው። ከዚያ ወደ ሜዳው ውጡና አንዱን የአራተኛ ክፍል ልጅ "አንተ የየትኛው ክበብ አባል ነህ?" በሉት። ትከሻውን ይሰብቃል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለመምህራን፣ ለርእሳነ መምህራንና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት (ወተመህ) አባላት ነው። የምለው ብዙ አይደለም። አንድ ፕሮግራም ምረጡ። ልጆቹ የምር የተቸገሩበትን ነገር የሚነካ ይሁን። ከአገሩ የሥራ ወቅት ጋር አስማሙት። አመራሩን ለልጆቹ ስጡ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም ዝርዝሩ ላይ ነው።

1. ልጆቹ የት እንዳሉ እወቁ

አዲስ ነገር ሲታሰብ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የሚነሳው "ምን ብንጀምር ይሻላል?" የሚለው ነው። እሱ ይቆይ። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት "ልጆቹ ምን አቃታቸው?" ነው።

ጎጃም ውስጥ ይህ ጥያቄ አሁን ከብዷል። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ሲከፈቱ የሚመጣው ልጅ ትምህርቱን ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆመ፣ ቁመቱ ግን የስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሊሆን ይችላል። የ9 ዓመትና የ14 ዓመት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ነገሩ ያማረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 አማራ ክልልን ጨምሮ በአገሪቱ የተደረገው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና፣ ሁለተኛ ክፍል ካሉት ልጆች ብዙዎቹ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል።

ስለዚህ መዝኑ። ማርክ የሚሰጥበት ፈተና አይደለም። አንድ ወረቀት ይበቃል። አራት ነገር ጻፉበት፦ 10 ፊደል፣ 10 አጫጭር ቃል፣ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከዚያም ስምንት ወይም አሥር ዓረፍተ ነገር ያላት ትንሽ ታሪክ። ታሪኳ ልጆቹ የሚያውቁትን ነገር ትናገር፤ የጠፋች ጊደር፣ የገበያ መንገድ፣ ጎርፍ የወሰደው ድልድይ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ምንባብ አትውሰዱ። በቃል የሸመደደ ልጅ ይሸውዳችኋል።

ፊደሎቹ በተራ አይጻፉ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። "ሀ ሁ ሂ" ብሎ እስከ "ፐ" በዜማ የሚያወርደው ልጅ፣ "ቴ"ን ነጥላችሁ ስታሳዩት ዝም ሊል ይችላል። ያጠናው ዜማውን ነው። አንዳንዱ ብልጥ ደግሞ ከ"ተ" ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ አምስተኛው ላይ ይቆምና "ቴ" ይላችኋል። እሱም አላነበበም፤ ቆጠረ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ። በጣት እየተቆጠረ ታሪክ አይነበብም።

አንድ ልጅ ለመመዘን አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃል። 60 ልጅ ያለው ክፍል 240 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው፤ አራት ሰዓት። ሁለት መምህራን ቢካፈሉት በሁለት ቀን፣ በቀን አንድ አንድ ሰዓት ሠርተው ይጨርሱታል። ዛፍ ሥር፣ አንድ በአንድ፣ ሌሎቹ ሳይሰሙ። በልጁ ስም ትይዩ "ፊደል"፣ "ቃል"፣ "አንቀጽ"፣ "ታሪክ" ብላችሁ የደረሰበትን ጻፉ። ምንም ያላነበበውን "ጀማሪ" በሉት። ውጤቱን ክፍል ውስጥ አትለጥፉ፣ ለልጆቹም አታንብቡ።

አዊ ዞን ያላችሁ፣ ልጆቹ አፋቸውን የፈቱትና የታችኛውን ክፍል የሚማሩት በአዊኛ ከሆነ ምዘናውም በአዊኛ ይሁን። በአማርኛ መዝናችሁ "አያነብም" ብትሉ ልጁን በድላችሁታል።

ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ የስም መጥሪያውን አገላብጡ። ማን ይቀራል? በየትኛው ቀን? የገበያ ቀን የግማሽ ክፍል ስም ላይ ቀሪ ምልክት ካያችሁ ስለ ፕሮግራሙ ቀን ትልቅ ነገር አወቃችሁ። ሁለተኛ፣ ልጆቹን ጠይቁ። ስም በሌለበት ቁራጭ ወረቀት፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ደስ የሚልህ ሰዓት የቱ ነው? የሚያስጠላህስ? ስትቀር ለምን ትቀራለህ? መጻፍ ያልቻለው ለትልቅ ልጅ ይንገርና ይጻፍለት። የሚያስጠላው "ሽንት ቤቱ ነው" የሚል መልስ ከበዛ፣ ክበቡን ትታችሁ መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ሥሩ። ቀልድ አይደለም። በተለይ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በወር አበባ ጊዜ የሚቀሩት በዚህ ነው።

2. አንዱን ምረጡ

ምዘናው መልሱን ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ልጅ "ቃል" ላይ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የንባብ ሰዓት ነው። ሳይንስ ክበብም ሆነ ሚኒ ሚዲያ ንባብ ላይ ነው የሚቆሙት። ልጆቹ በደንብ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ሚኒ ሚዲያ ወይም የሂሳብ ጨዋታ ይቻላል። እኔ ከዚህ በታች በሰፊው የማወራው ስለ ንባብ ሰዓት ነው፤ ያሁኑ ችግር እሱ ስለሆነ።

3. ወረቀቱን ቶሎ ጨርሱ

ይህን የምለው ቢሮክራሲ ስለምወድ አይደለም። ያለ ወረቀት የተጀመረ ሥራ መምህሩ ሲዛወር አብሮ ይሄዳል። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ያቅዳሉ። ፕሮግራሙ አራት ዐበይት ርእሶች አሉት፦ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የእናንተን ሥራ በመማር ማስተማር ሥር በአንድ ገጽ አስገቡት። ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ማን ይመራዋል፣ ምን ይገዛል፣ በምን ይለካል። ወተመህ ያጽድቀው፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የጉድኝቱ (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ሱፐርቫይዘርም ቀድሞ ይወቀው። ሳይሰማ ከመጣ ጥያቄ ያበዛል፣ ቀድሞ ከሰማ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ያወራላችኋል።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። ማርከር፣ ካርቶን፣ ወፍራም ክር፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥን። ስኩል ግራንት የምንለው ድጎማ ካለ ከዚያ፣ ከሌለ ከወተመህ መዋጮ ይወጣል። ብር እስኪመጣ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሰኔ ይደርስበታል።

4. ከወቅቱ ጋር አትጣሉ

ትምህርት በመስከረም ይከፈታል ቢባልም ክፍሉ የሚሞላው ዘግይቶ ነው። ቡሬና ወንበርማ በመሳሰለው በቆሎ አብቃይ አካባቢ ልጆቹ በዚያ ወቅት ማሳ ላይ ጦጣና ወፍ ይጠብቃሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ እነማይና ሸበል በረንታ ጤፍ ሲታጨድ ክፍሉ ይሳሳል። ጥር ላይ ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ የአጋማሽ ፈተናም አለ። ይህን ሁሉ በስብሰባና በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አታሸንፉትም።

የሚያዋጣው በሁለት ዙር መሥራት ነው። የመጀመሪያው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ፣ ስድስት ሳምንት። ሁለተኛው ከየካቲት ጀምሮ እስከ ፋሲካ ዕረፍት ያለው ነው፣ ረጅሙና ፍሬ የሚታይበት። በመሀሉ ፕሮግራሙ በይፋ ያርፋል። "ቆሟል" ሳይሆን "አርፏል፣ በዚህ ቀን ይቀጥላል" ተብሎ ሰልፍ ላይ ይነገር።

በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። የገበያውን ቀን ዝለሉ። በአካባቢው አጥብቀው የሚያከብሩትን የወሩን በዓላትም ካሌንደሩ ላይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27።

ሰዓቱስ? ብዙዎች "ከትምህርት በኋላ" ይላሉ። እኔ አልመክርም። ከትምህርት በኋላ ውሃ የምትቀዳ ልጅ አለች፣ ከብት የሚመልስ ልጅ አለ። የሚቀረው የከተማው ልጅ ብቻ ይሆናል። ደግሞም የጸጥታው ነገር ባልረጋበት ቦታ ልጅን ማስመሸት አይገባም። በፈረቃ የምታስተምሩም ብትሆኑ ከመደበኛው ሰዓት ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ ፈልጉ። ሁሉም ክፍል በአንድ ሰዓት ያድርገው፤ ልጆቹን በደረጃ መቀላቀል የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

5. 40 ደቂቃዋን እንዲህ አድርጓት

ዋናው ሐሳብ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት መመደብ ነው። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ላይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ ድርጅት ይህን መንገድ በሰፊው ሠርቶበታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ አገሮችም ገብቷል። የሦስተኛ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጆች ይቀላቀላሉ። ጀማሪና ፊደል አንድ ቡድን፣ ቃል አንድ፣ አንቀጽና ታሪክ አንድ። ለቡድኖቹ "ደካማ" "ጎበዝ" የሚል ስም እንዳይወጣላቸው። ጮቄ፣ ግሽ ዓባይ፣ ቆጋ በሏቸው፤ ወይም ልጆቹ ራሳቸው ያውጡ። ከእኩዮቹ በዕድሜ የሚበልጠውን ልጅ ከጀማሪዎቹ ጋር ስታስቀምጡት ኃላፊነት ስጡት፤ ካርቶን ይያዝ፣ ቆርኪ ያድል። ካልሆነ በሦስተኛው ቀን አታገኙትም።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች የእንቆቅልሽ ናቸው።

"እንቆቅልህ!"
"ምን አውቅልህ!"
"ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል።"

ያላወቀ አገር ይሰጣል። ጎጃም ውስጥ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። መልሱ "ወንዝ" ሲባል መምህሩ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ያነባሉ፣ "ወ"ን በ"ገ" ቀይረው "ገንዝ" ይሉና ይስቃሉ። ትርጉም ያለውም የሌለውም ይሁን፤ ፊደሉን አይተው ድምፁን ማውጣታቸው ነው የሚፈለገው።

ቀጥሎ 15 ደቂቃ በየደረጃው ሥራ። ለጀማሪዎቹ ቆርኪ ተጠቀሙ። ከየሻይ ቤቱና ከየግሮሰሪው የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ በማርከር ፊደል ይጻፍበታል። አንድ ቆርኪ አንድ ፊደል። ሁሉንም 231 ባንድ ጊዜ አታፍስሱ። ልጆቹ የሚያውቋቸውን አምስት ስድስት ፊደላት ከነዘሮቻቸው አምጡ። ከዚያ "ላም" ሥራ፣ "በግ" ሥራ፣ የእናትህን ስም ሥራ። በተራ ያልተቀመጠ ፊደል በእጁ ሲይዝ ዜማው አያድነውም፤ ማየት ግድ ይለዋል። ችግር የሚበዛው ካዕብና ሣልስ (ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤት) ላይ፣ ከዚያም ሳድስ (ስድስተኛው) ላይ ነው። ሳድስ ቅርጹ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ብቻውን ጊዜ ይፈልጋል።

የቃል ቡድኑ ካርቶን ላይ የተጻፉ ቃላት ይዞ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። የታሪክ ቡድኑ ያነባል፣ ከዚያም ይጠየቃል። ጥያቄው "ጊደሯ የት ጠፋች?" ብቻ አይሁን። "አንተ ብትሆን መጀመሪያ የት ትፈልጋት ነበር?" በሉት። ያነበበውና የሸመደደው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ 10 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ለእርስ በርሳቸው ያንብቡ። አንድ ለአምስት የምንለው አደረጃጀት ካለ በእሱ ጀምሩ፣ ግን ወደ ጥንድ ጥንድ አውርዱት። አምስት ልጅ ሲቀመጥ የሚያነበው አንዱ ነው፤ አራቱ ያያሉ።

የቀረችው አምስት ደቂቃ ለቤት ሥራ ናት። ቤት ሥራው "አያትህን አንድ እንቆቅልሽ ወይም ተረት ጠይቀህ ና" ነው። በማግስቱ ልጁ ይናገራል፣ መጻፍ የሚችለው ይጽፋል። ወረቀቶቹ በካርቶን ሽፋን ይሰፋሉ። መጽሐፍ የለም የሚል ትምህርት ቤት በሁለት ወር ውስጥ ልጆቹ የጻፉት የንባብ መጽሐፍ ይኖረዋል። ይህን አሠራር ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ የገዛ ስሙ ያለበትን ገጽ የማያነብ ልጅ አላየሁም።

አንድ ማሳሰቢያ። "ያየኸውን ጻፍ" ስትሉ ልጆች ከግጭቱ ያዩትን ሊያመጡ ይችላሉ። አታስገድዱ፣ በክፍል ፊት አታስነብቡ፣ አትመርምሩ። ልጁ ራሱ ካወራ ስሙት፣ ለብቻው።

6. ሥራውን ለልጆቹ ልቀቁ

የእኛ ልማድ አንደኛ የወጣውን ልጅ የሁሉ ነገር ተጠሪ ማድረግ ነው። አለቃም እሱ፣ የክበብ ሰብሳቢም እሱ፣ ሰልፍ ላይ ግጥም አንባቢም እሱ። ሌሎቹ 59ኙ አጨብጫቢ ናቸው።

ሥራውን በትኑት። ስም የሚመዘግብ፣ ቆርኪ ቆጥሮ የሚሰጥና ቆጥሮ የሚቀበል፣ ሰዓት የሚይዝ፣ የቀረውን ልጅ ሰፈሩ ሄዶ የሚጠይቅ። በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየሩ። ግማሾቹ ሴት ልጆች ይሁኑ፤ ደግሞ ጸሐፊ ብቻ አታድርጓቸው። እረኛ የሆነው ልጅ መዝሙር ሲያወጣ ወይም ወንጭፍ ሲወነጭፍ ማንም አይችለውም። እሱ የሚያውቀው ነገር የሚታይበት ቀን ፈልጉለት።

ልጆቹ ይሳሳታሉ። ቆርኪው ይጠፋል፣ መዝገቡ ይጨማለቃል። መምህሩ "አምጡ እኔ ልሥራው" ካለ አለቀለት። ዝም ብሎ አጠገባቸው ይቁም።

በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ከልጆቹ ተጠሪዎች ጋር ተቀመጡ። ምን ሰለቻችሁ? ምን ይጨመር? ከጠየቃችሁ ደግሞ ቢያንስ አንዱን ነገር ለውጡ። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ምንም ያልተለወጠለት ልጅ አራተኛ አይመልስላችሁም።

7. ወላጅን በደብዳቤ አትጥሩ

ደብዳቤ ወላጅን ያስደነግጣል፤ ወይ መዋጮ ወይ ክስ ይመስለዋል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እድር ላይ፣ ቡና ላይ አግኟቸው። ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

"እትዬ፣ ልጅዎ በሳምንት ሦስት ቀን አትቅርብን።"
"ከብቱን ማን ይይዝልኛል ልጄ? አባቷ እንደሆን የለ።"
"እሺ፣ ሦስቱ ቀን ከከበደ ሁለቱን ያድርጉልን። ሰኞና ሐሙስ።"
"ሰኞ እንኳ ይሁን። ሐሙስን አያለሁ።"

"ሐሙስን አያለሁ" ጥሩ መልስ ነው። ሁለት ቀን የምትመጣ ልጅ ከማትመጣው ትሻላለች። ስለ ትምህርት ጥቅም አታስተምሯቸው፤ ያውቁታል። ይልቅ በአንድ ወር ውስጥ ጠርታችሁ ልጃቸው ስታነብ አሰሟቸው።

ካህናቱንና የኔታን አትርሱ። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ የቅኔ አገር ናቸው፤ በብዙ አጥቢያ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው አይጠፋም። አንድ ቀን መጥተው እንዴት እንደተማሩ ለልጆቹ ይንገሩ። ሽማግሌ አክብሮ የጠራ ፕሮግራም ሰፈሩ ውስጥ ጠበቃ ያገኛል። ሙስሊም ቤተሰቦች ባሉበትም እንዲሁ ሼሆቹን ጥሩ።

8. ሁለተኛው ፕሮግራም

የንባቡ ሁለተኛ ዙር ካለቀ በኋላ ብቻ ሚኒ ሚዲያን አስቡ። መብራት ከሌለ ሞንታርቦ አትጠብቁ። ከሰልፍ በኋላ ሦስት ደቂቃ፣ በአፍ። አንድ እንቆቅልሽ፣ አንድ የትምህርት ቤት ዜና፣ አንድ ልጅ የጻፈው አንቀጽ። ጽሑፉን የታሪክ ቡድኑ ያዘጋጃል፣ አንባቢው በየቀኑ ይለያያል። ሚኒ ሚዲያ የሚሰለቸው ብዙ ጊዜ መምህሩ የጻፈውን ልጁ ስለሚያነብ ነው።

የአትክልት ቦታን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጓጓል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ማን ይኮተኩታል? እንደ ቆጋ ያለ መስኖ ወይም የማይደርቅ ምንጭ አጠገባችሁ ካለ በበጋ ጎመንና ድንች ሞክሩ። አጥር ከሌለ ግን ለሰፈሩ በግ መዝራት ነው የሚሆነው።

9. እንደገና መዝኑ፣ ከዚያ አስረክቡ

በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ያንኑ ምዘና በሌላ ቃላትና በሌላ ታሪክ ድገሙት። ስንት ልጅ ከ"ፊደል" ወደ "ቃል"፣ ስንቱ ወደ "አንቀጽ" አለፈ? ፈቀቅ ያላሉትን ለይታችሁ ስም መጥሪያውን እዩ። ቀርተው ከሆነ ችግሩ ቀኑ ነው። ሳይቀሩ ካልተለወጡ ወይ ቡድናቸው አልተስማማቸውም፣ ወይ ዓይን ወይም ጆሮ ያስቸግራቸዋል፤ ፊት ወንበር አስቀምጧቸውና ጤና ጣቢያ እንዲወስዷቸው ለወላጅ ንገሩ።

ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትልኩት ሪፖርት አንድ ገጽ ይሁን። ያልተሳካውንም ጻፉ። ሁሉም "በጥሩ ሁኔታ ተከናውኗል" የሚል ሪፖርት ማንም ሁለቴ አያነበውም።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ሳጥኑን ቁጠሩ። ቆርኪው፣ ካርቶኑ፣ ልጆቹ የጻፏቸው መጻሕፍት፣ የሁለቱ ምዘናዎች መዝገብ። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ርእሰ መምህሩ ዘንድ፣ ሌላው የወተመህ ሰብሳቢው ዘንድ ይቀመጥ። በመስከረም ማን እንደሚቀበለው ስሙ ይጻፍና ይፈርም፤ አጋዥ የሚሆኑ ሁለት ልጆችም ከአምስተኛ ክፍል ይመረጡ። የስድስተኛ ክፍሎቹን አትምረጡ፤ ወደ ሰባተኛ ስለሚያልፉ በመስከረም አታገኟቸውም።